ከነፋስ ስልክ እስከ ብሉቱዝ፤ በቆቦ ገበያ ስለ ሰማነው አንድ ቃል

1. መነሻ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ናት። የአንድ ፋብሪካ ሥራ የሆነ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ የሌላ ፋብሪካ ሥራ ከሆነ ስልክ ጋር አልስማማ ሲል፣ አማርኛ ተናጋሪው ጉዳዩን በምን ቃል ይገልጸዋል? ጥያቄው ለቴክኒክ ባለሙያ የሚተው ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ነገሩን ቀረብ ብለን ስናየው የቃላት ጉዳይ ሆኖ አግኝተነዋል። ምክንያቱም ብልሽቱ የሚገኝበትን ደረጃ ለይቶ የሚጠራ ቃል ከሌለ፣ ብልሽቱን ለይቶ ማወቅም ያስቸግራል። አንድ ቃል ሦስት ነገሮችን በአንድነት የሚያመለክት ሲሆን ደግሞ መፍትሔው ይዘገያል፤ ሰውም ያለ አግባብ ለወጪ ይዳረጋል።

ጥያቄውን ያነሣንባት ቦታ በሰሜን ወሎ የምትገኘው የቆቦ ከተማ ናት። ቆቦ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቐለ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በወልድያና በአላማጣ መካከል የምትገኝ የራያ ቆላ ገበያ ናት። ዙሪያዋን ማሽላና ጤፍ የሚመረትበት ሜዳ ይከባታል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያታል፤ ከተራራው ባሻገር የአፋር ቆላ አለ። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚናገሩ ሰዎች የሚገናኙበት አገር ስለሆነ ለቃላት ሰብሳቢ ምቹ ነው። እኛም ወደዚያ የሄድነው የእርሻ መሣሪያዎችን ስም ለመሰብሰብ ነበር። ያገኘነው ቃል ግን ከእርሻው አልፎ ለስልኩ የሚበጅ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በገበያው ዳር ባለ አንድ የስልክ መጠገኛ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ከአንዲት ወጣት ጋር መጡ። ወጣቷ የወንድማቸው ልጅ ስትሆን ከሳዑዲ ዐረቢያ የተመለሰችው በዚያው ሳምንት ነው። እዚያ የሚሠራው የሽማግሌው ልጅ ለአባቱ ገመድ አልባ ማዳመጫ በእርሷ እጅ ልኳል። የሽማግሌው ጆሮ ደከም ብሏል፤ ልጃቸው የሚልክላቸውን የድምፅ መልእክት ጎረቤት ሳይሰማባቸው አጥርተው ሊሰሙት ይፈልጋሉ። ስልካቸው ግን ማዳመጫውን የሠራው ፋብሪካ ሥራ አይደለም። ጠጋኙ ጥቂት ከሞከረ በኋላ፣ «አባባ፣ ኮኔክት አላደርግ ብሏል። ብራንዱ ስለማይገጥም ነው፤ ስልኩን ቢቀይሩት ይሻላል» አላቸው።

ሽማግሌው አልተቀበሉትም። «የኔ ልጅ፣ ቀንጃ በሬ እንኳ ከሰው በሬ ጋራ ይቀናጃል። ይልቅ ከሌላ ጋራ ተቀናጅቶ እንዳይሆን እስቲ እየው» አሉት። ጠጋኙ ሣቀ፤ ነገር ግን ፊቱን ወደ ወጣቷ መልሶ፣ «እኅቴ፣ በአንቺ ስልክ ሞክረሽው ነበር?» ሲል ጠየቃት። ሞክራዋለች፤ መንገድ ላይ ዘፈን ሰምታበታለች። የማዳመጫው ማኅደር ክዳን በተከፈተ ቍጥር ማዳመጫው በቦርሳዋ ውስጥ ካለው ስልክ ጋር እየተገናኘ፣ ከሽማግሌው ስልክ ሳይታይ ይቀር ነበር።

«ኮኔክት» የሚለው ቃል ያልለየውን ጉዳይ «መቀናጆ» የሚለው ቃል ለየው። ይህ የሆነው በአጋጣሚ ነው ወይስ ቃሉ በውስጡ የያዘው ዕውቀት አለ? ለዚህ መልስ ለመስጠት የቃላቱን ታሪክ ከመጀመሪያው መከተል ያስፈልጋል።

2. ስልክ፣ ሽቦና ነፋስ

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባን ከሐረር ጋር ያገናኘው መስመር በ1880ዎቹ ዓ.ም. ተዘረጋ። መሣሪያው ሲገባ «ቴሌፎን» የሚለው ስም አብሮት መጥቶ ነበር፤ በሕዝቡ አፍ የጸናው ግን «ስልክ» ነው። ይህ ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ወይም ክር ማለት ነው። ስለዚህ ሕዝቡ መሣሪያውን የጠራው በሚያየው ነገር ነበር። የሚናገረውን ሣጥን ያየ ጥቂት ሰው ነው፤ በእንጨት ላይ ተወጥሮ አገር ለአገር የሚሄደውን ሽቦ ግን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። «የስልክ እንጨት» የሚለው አነጋገርም ይህንኑ የመጀመሪያ ትርጉም ይዞ ቆይቷል።

ቀጥሎ ሽቦ የማያስፈልገው መልእክት መጣ። ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1901 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለ ሽቦ ምልክት ማስተላለፉ በዓለም ከተሰማ በኋላ፣ ይኸው ጥበብ ወደ ኢትዮጵያም ደረሰ፤ በ1927 ዓ.ም. የአቃቂው ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። አማርኛ ለዚህ አዲስ ነገር የሰጠው ስም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። «የነፋስ ስልክ» አለው። ቃል በቃል ሲታይ «በነፋስ የሚሄድ ሽቦ» ማለት ሲሆን፣ ስያሜው ነገሩ የጎደለውን ሳይሆን በሽቦው ፋንታ የተተካውን ይናገራል። ዛሬ ይህ ቃል ለመሣሪያ መጠሪያነት አያገለግልም። በአዲስ አበባ ግን ንፋስ ስልክ የሚባለው ሰፈር፣ በኋላም ንፋስ ስልክ ላፍቶ የተባለው ክፍለ ከተማ፣ ስሙን ጠብቆ አቆይቶታል። በየቀኑ ስሙን ከሚጠራው ነዋሪ መካከል «ገመድ አልባ» የሚለውን ቃል የአባቶቹ ትርጉም እየጠራ መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

«የነፋስ ስልክ» ሲረሳ ቦታውን የወሰዱት «ሽቦ አልባ» እና «ገመድ አልባ» ናቸው። «አልባ» ከግእዙ «አልቦ» የመጣ ሲሆን አለመኖርን ያመለክታል። አሠራሩ ለተርጓሚ ምቹ ነው፤ ከማንኛውም ስም ኋላ ይቀጠላል። ነገር ግን ሁለት ችግሮች አሉበት። አንደኛ፣ ነገሩን በሌለው ነገር ይሰይመዋል። ሁለተኛ፣ «ገመድ» በገጠር ሰው ዘንድ በመጀመሪያ ከብትና ግመል የሚታሰርበት ነው። «ገመድ አልባ ስልክ» የሚለውን ሐረግ ደግሞ ወደ ሥሩ ብንመልሰው «ገመድ የሌለው ሽቦ» የሚል ይወጣዋል። ይህ ሐረጉን ለመንቀፍ የቀረበ አይደለም። ቃል ከሥሩ ርቆ መሄዱ የተለመደ ነው፤ «ስልክ» የሚለውን ቃል ሽቦ ብሎ የሚተረጕም ሰው ዛሬ የለም። የምናመለክተው፣ ሕዝቡ ለአዲስ ነገር ስም ሲሰጥ ከሚያውቀው ነገር መነሣቱን፣ ተርጓሚ ግን ብዙ ጊዜ ከባዕዱ ቃል መነሣቱን ነው።

ከላይ የጠቀስነው የጠጋኙ ገበታም ለዚህ ታሪክ ምስክር ነው። ጠጋኙ ብሎን የሚፈታበት «ካቻቢቴ»፣ የሚቆነጥጥበት «ፒንሳ» ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የሚጠግነው «ስልክ» ከዐረብኛ፣ የሚሰካው «ቻርጀር» ከእንግሊዝኛ መጥቷል። ማዳመጫው የሚገባበት «ጆሮ» ግን የራሳችን ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲጠቀምባቸው ሰዋስዉ ፍጹም አማርኛ ነው። ባዕድ ቃል በራሱ ቋንቋን አይጎዳም። የሚጎዳው ባዕዱ ቃል የሚያመለክተው ሐሳብ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

3. ብሉቱዝ የተባለው ስም

እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የአማርኛ አካዳሚ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው፣ ካከናወናቸው ሥራዎች አንዱ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን አማርኛ ማበጀት ነበር። ከዚያ ድካም የተገኘው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ታትሞ ወጥቷል። መዝገበ ቃላቱ በወጣበት ጊዜ ብሉቱዝ ገና አልታወቀም። ስለዚህ በውስጡ ባይገኝ የአዘጋጆቹ ጥፋት አይደለም።

ብሉቱዝ የተባለው ሥርዐት በጋራ ደንብነት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ ኢንቴል፣ አይቢኤምና ቶሺባ የተባሉ አምስት ኩባንያዎች በመሠረቱት ማኅበር ነው። የመጀመሪያው ደንብ በተከታዩ ዓመት ወጣ። ስሙ የተወሰደው በ10ኛው ክፍለ ዘመን በዴንማርክ ከነገሠው ከሐራልድ ብሎታን ቅጽል ስም ነው። ንጉሡ የተለያዩ የዴንማርክና የኖርዌይ ወገኖችን በአንድ አገዛዝ ሥር በማሰባሰቡ ይታወቃል፤ ስሙን ያቀረበው የኢንቴል ባለሙያ ጂም ካርዳክም የተለያዩ ፋብሪካዎችን መሣሪያዎች የሚያስማማ ደንብ ይህን ስም ቢይዝ ተገቢ ነው ብሎ አሰበ። ምልክቱም የንጉሡ ስም መነሻ የሆኑ ሁለት የጥንት የሰሜን አውሮፓ ፊደላት ተጣምረው የተሠራ ነው። ስለዚህ «ሰማያዊ ጥርስ» ብሎ መተርጐም ትርፍ የለውም፤ የሰው ስም አይተረጐምምና። በግእዝ ፊደል «ብሉቱዝ» ተብሎ መጻፉ የሚደገፍ ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር ይገኛል። ብሉቱዝ ከመነሻው የታሰበው የተለያዩ ፋብሪካዎችን ዕቃዎች ለማስማማት ነው። «ብራንዱ ስለማይገጥም ነው» የሚለው የጠጋኙ መልስ የደንቡን መነሻ ዐላማ የሚቃረን ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ መልሱ ከየት እንደ መጣ መረዳት አያዳግትም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ኤርፖድ የተባለውን ማዳመጫ ሲያወጣ፣ ክዳኑ ሲከፈት ወዲያው በራሱ ስልክ ላይ ብቅ የሚል ጥያቄ አዘጋጀለት። ጉግልም በተከታዩ ዓመት ለአንድሮይድ ስልኮች ፋስት ፔር የተባለ ተመሳሳይ ዘዴ አወጣ። እነዚህ ፈጣን መንገዶች በሁሉም ስልክ ላይ አይሠሩም። ብቅ የሚለው ጥያቄ ሳይታይ ሲቀር ሰው «አልገጥም አለ» ይላል። ዋናው በር ግን ክፍት ነው፤ ወደ ስልኩ ቅንብር ገብቶ፣ ብሉቱዝን ከፍቶ፣ ማዳመጫውን በስሙ ፈልጎ መንካት ብቻ ይጠይቃል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያው ዓመት የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ መካተቱ፣ ስልኮች በኋላ ዝርዝራቸውን በአማርኛ እንዲያሳዩ መሠረት ጥሏል። ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፍቶ ቴክኖ የተባሉ ስልኮችን ማውጣት ሲጀምር፣ በአማርኛ የሚጽፍና የሚያስነብብ ስልክ በየገበያው ተዳረሰ። ብሉቱዝ የሚለው ቃልም ወደ ገጠር የደረሰው በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በእነዚህ ስልኮች ነው። በመጀመሪያ ዘፈንና ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ ማሻገሪያ ነበር፤ ከዚያም በጆሮ ላይ የሚሰካው መሣሪያ ራሱ «ብሉቱዝ» ተባለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቆቦንና አካባቢዋን በመታበት ጊዜ የስልክ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ማማ የማይሻው ይህ አጭር የነፋስ መንገድ፣ ከስልክ ወደ ስልክ መሥራቱን አያቋርጥም።

4. ጠመደ፣ አጣመረ፣ አቀናጀ

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንመጣለን። ሁለት መሣሪያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተዋወቁበትን ድርጊት በአማርኛ ለመሰየም ሦስት ግሶች ሊቀርቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው «ጠመደ» ነው። ሥሩ የግእዙ «ፀመደ» ሲሆን፣ ሁለት በሬዎችን በአንድ ቀንበር ማዋል ማለት ነው። «ጥማድ» ሁለቱ በሬዎች ናቸው፤ ደግሞም ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት፣ ማለት ሩብ ሄክታር ገደማ የሚሆን ስፋት ነው። በትርጉም ደረጃ ለጉዳያችን እጅግ የቀረበ ነበር። ነገር ግን ይኸው ግስ ወጥመድ መዘርጋትንና ፈንጂ መቅበርንም ያመለክታል፤ «ጠመደው» ሲባል ደግሞ ጠላት አድርጎ ያዘው ማለት ይሆናል። «ማዳመጫው ከስልኩ ጋር ተጠምዷል» ቢባል ሰሚው ከመስማማት ይልቅ ጠብን ሊያስብ ይችላል። በጦርነት ካለፈ አገር ላይ «ተጠምዷል» የሚል ጽሑፍ በስልክ መስታወት ላይ ማሳየት የሚመከር አይደለም።

ሁለተኛው «አጣመረ» ነው። ከግእዙ «ፀመረ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ማድረግን ያመለክታል፤ «ጥምር»፣ «ጥምረት»፣ «ጣምራ» ከዚሁ የወጡ ናቸው። የአንድሮይድ ስልኮችን ወደ አማርኛ የመለሱ ተርጓሚዎች የመረጡት ይህን ነው፤ «አጣምር» የሚለው ትእዛዝ ዛሬ በብዙ ሰው መዳፍ ላይ ይገኛል። ምርጫው መልካም ነው። ቃሉ አጭር ነው፣ መጥፎ ፍች የለውም፣ ለስምም ለግስም ይመቻል። ጉድለቱ፣ በመጽሐፍና በጋዜጣ ካልሆነ በቀር በዕለት ተዕለት ንግግር ብዙም የማይሰማ መሆኑ ነው። የቆቦው ጠጋኝ የስልኩ ገጽ አማርኛ ሆኖ ሳለ እንኳ በአፉ «ኮኔክት» ይላል።

ሦስተኛው ሽማግሌው የተናገሩት «ተቀናጀ» ነው። «ቀንጃ» አጣማጁን ያላገኘ አንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፣ እንደርሱው አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር አውለው ተራ በተራ የሚያርሱበት ሥርዐት «መቀናጆ» ይባላል። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰባት ድርቅ ከሰው እልቂት ጋር ከብቷን አጥታለች፤ ከድርቅ በኋላ አንድ በሬ ተርፎት ሁለተኛውን የሚመኝ ገበሬ መቀናጆ ባይኖር መሬቱ ጦሙን ያድርበት ነበር። ስለዚህ ይህ ቃል በራያ ሜዳ የመዝገብ ቃል ብቻ አይደለም፤ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ያለበት ቃል ነው።

የመቀናጆን ሥርዐት ቀረብ ብለን ስናይ ሦስት የተለያዩ ድርጊቶች እናገኛለን። በመጀመሪያ ባለ በሬዎቹ ይፈላለጋሉ። ቀጥሎ ይስማማሉ፤ ይህ ስምምነት የሚደረገው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በእርሻው ቀን በሬዎቹ ይጠመዳሉ፣ ማታ ይፈታሉ፤ ይህ በየቀኑ የሚደጋገም ነው። በሬ ማታ ቢፈታ መቀናጆው አልፈረሰም። መቀናጆ የሚፈርሰው ባለቤቶቹ ሲለያዩ ነው። አንዱ በሬ ለሌላ ባልንጀራ ቃል ተገብቶበት ከሆነ ደግሞ፣ ምንም ቢፈለግ ለአዲሱ ሰው አይገኝም።

የብሉቱዝ ሥርዐትም እነዚህኑ ደረጃዎች ይዟል። መፈላለግ አለ። ከዚያ ሁለቱ መሣሪያዎች የምስጢር ቍልፍ ተስማምተው በየማኅደራቸው የሚያስቀምጡበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ መተዋወቅ አለ። ቀጥሎ ማዳመጫው በተከፈተ ቍጥር የሚደጋገም መገናኘት አለ። «ኮኔክት አላለም» የሚለው አነጋገር ሦስቱንም አንድ ያደርጋቸዋል። ሽማግሌው ግን የሚያውቁት ሥርዐት የተለያዩ ደረጃዎች ስላሉት፣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ከሌላ ጋራ ተቀናጅቶ እንዳይሆን» የሚል ሆነ። በመነሻችን ለጠየቅነው መልሱ ይህ ነው። ቃሉ ዕውቀት ይዟል።

ታዲያ «ማቀናጀት» ለምን ይፋዊ ቃል አይሆንም? ቃሉ በቢሮ አማርኛ ሌላ ሥራ ይዟል፤ የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ዕቅድ ማስኬድ «ማቀናጀት» ተብሏል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ «ቅንጅት» የፖለቲካ ፓርቲ መጠሪያ ሆኖ በመታወቁ፣ ተርጓሚ በቃሉ ለመጠቀም ሊያመነታ ይችላል። ስለዚህ «አጣመረ» የያዘውን ቦታ ይልቀቅ አንልም። የምንለው ወደ ኋላ ተገልጿል።

5. አልጣመር ለሚል ማዳመጫ ምክንያቱና ቃሉ

ተርጓሚ የመሣሪያ መመሪያ ሲጽፍ ደረጃዎቹን ለይቶ እንዲያስቀምጥ፣ ብልሽቶቹን ከየቃላቸው ጋር ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

ሀ. ፍለጋ። ስልኩ ማዳመጫውን ጨርሶ ካላየው ጉዳዩ የፍለጋ ነው። ማዳመጫው ለጥምረት ዝግጁ ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ ማዳመጫዎች ከማኅደራቸው እንዳሉ ቍልፋቸው መብራቱ ብልጭ ብልጭ እስኪል ድረስ ተጭኖ ሲቆይ ዝግጁ ይሆናሉ። የባትሪ ማነስም እንዲሁ ያደርጋል። ርቀትም ይቈጠራል፤ የእነዚህ መሣሪያዎች መደበኛ ርቀት ዐሥር ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ስልኩንና ማዳመጫውን አጠገብ ለአጠገብ ማድረግ ይበጃል።

ለ. የቀድሞ ጥምረት። ማዳመጫው ቀደም ሲል ያወቀውን ስልክ በአቅራቢያው ካገኘ ወደ እርሱ ይሄዳል። የቆቦው ችግር ይህ ነበር። መፍትሔው የቀድሞውን ስልክ ብሉቱዝ መዝጋት፣ ወይም ከዚያ ስልክ ላይ ጥምረቱን ማፍረስ ነው።

ሐ. ያረጀ ቍልፍ። አንዱ ወገን ቍልፉን አጥፍቶ ሌላው ይዞት ከቀረ፣ ስማቸው በዝርዝሩ ላይ እየታየ ጥምረቱ ይከሽፋል። በዚህ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ማጥፋትና እንደ አዲስ መጀመር ያስፈልጋል።

መ. የግራና የቀኝ መለያየት። ሁለቱ የጆሮ ክፍሎች ከስልኩ በፊት እርስ በርሳቸው መጣመር አለባቸው። ይህ ከተበላሸ አንዱ ብቻ ይሰማል፤ ወይም በስልኩ ላይ ሁለት ስሞች ይታያሉ። ሁለቱንም ወደ ማኅደራቸው መልሶ ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ ይገባል።

ሠ. ተገናኝቶ አለመሰማት። ማዳመጫው ተገናኝቷል እየተባለ ድምፅ ከሌለ፣ ችግሩ የጥምረት አይደለም። በስልኩ ላይ የጥሪ ድምፅና የዘፈን ድምፅ ለየብቻ የሚፈቀዱ ስለሆኑ አንደኛው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካዎች የተለያዩ የድምፅ መጭመቂያ ዘዴዎችን ቢጠቀሙም፣ ኤስቢሲ የተባለው ዘዴ በተለመደው የብሉቱዝ ዘፈን ማስተላለፊያ ደንብ የግድ ስለሆነ፣ የፋብሪካ ልዩነት ብቻውን ድምፅን አያስቀርም። የሚቀሩት ልዩ አገልግሎቶች ናቸው፤ ለምሳሌ ማዳመጫውን በፋብሪካው ፕሮግራም ማስተካከል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ቃል እንዲታረም እናሳስባለን። ጥምረትን ማጥፋት በስልኮች የአማርኛ ገጽ ላይ «እርሳ» በሚል ትእዛዝ ይታያል። በአማርኛ መርሳት ሰው ሳያስበው የሚደርስበት ነገር ነው እንጂ በትእዛዝ የሚፈጸም ሥራ አይደለም። ተጠቃሚው «እርሳ» የሚለውን ሲያነብ ምን እንደሚሆን ስለማያውቅ ሳይነካው ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን መድኀኒቱ እርሱ ነው። ገበሬው በሬ «ይፈታል»፣ መቀናጆ «ያፈርሳል» ይላል። ስለዚህ ለጊዜያዊው መለያየት «አለያይ»፣ ለዘለቄታው «ጥምረት አፍርስ» ቢባል፣ ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይታወቃል። «ፍታ» የሚለውን ያልመረጥነው ከእንቆቅልሽና ከትዳር ጋር ስለሚገናኝ ነው።

6. ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከተው ሦስት ሐሳቦችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ «ማሰስ»፣ «ማጣመር»፣ «ማገናኘት»፣ «ማለያየት» እና «ጥምረት ማፍረስ» አምስት የተለያዩ ቃላት ሆነው በመመሪያዎችና በስልክ ገጾች ላይ ሳይደባለቁ ይሠራባቸው። ሁለተኛ፣ «ብሉቱዝ» እንዳለ ይቆይ፤ ለመሣሪያው ግን «ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ» የሚለው በጽሑፍ ይለመድ፤ ኤርፖድ የአንድ ፋብሪካ ስም በመሆኑ ለሁሉም መጠሪያ ሲሆን ተርጓሚን ያሳስታል። ሦስተኛ፣ «አጣመረ» የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላት ሲፈታ፣ ከፍቺው ቀጥሎ «እንደ መቀናጆ ያለ» የሚል ማነጻጸሪያ ይጨመርበት። ይህን የምንለው የገጠሩን አነጋገር ለማሞገስ ብለን አይደለም። ማነጻጸሪያው ሦስቱን ደረጃዎች በአንድ ቃል ስለሚያስረዳ ነው።

«የነፋስ ስልክ» የሚለውን ስያሜ ያወጡ ሰዎች የሬዲዮን ባሕርይ ያጠኑ አልነበሩም፤ ያዩትን ከሚያውቁት ጋር አገናኙ። የቆቦው ሽማግሌም እንዲሁ አደረጉ። ጠጋኙ የወጣቷን ስልክ ብሉቱዝ ዘግቶ፣ ማዳመጫውን ወደ ማኅደሩ መልሶ፣ ቍልፉን ተጭኖ ካቆየ በኋላ የማዳመጫው ስም በሽማግሌው ስልክ ላይ ታየ። ጠጋኙ ስሙን ነክቶ፣ «አባባ፣ አሁን ተቀናጀልዎት» አላቸው። «ኮኔክት» አላለም። ሽማግሌው ሁለቱን ማዳመጫዎች በጆሮዎቻቸው ሰክተው የልጃቸውን መልእክት እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ከዚያም ዋጋውን ከፍለው ወደ ገበያው ገቡ። አዲስ ስልክ አልገዙም።